«ሁሉም» ሲባል ማን ማን ተቆጠረ? «ሕገ መንግሥት ጾታ የለውም» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሕገ መንግሥት የሴቶችን እኩልነት ለይቶ በስም መጥቀስ የለበትም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ጸሐፊው ሴቶችን የሚንቅ ሰው አይመስለኝም፤ እኩልነታቸውን አምኖ ነው የሚነሳው። መከራከሪያው ሲጠቃለል ይህን ይመስላል፦ «ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው» ከተባለ ሴትም ሰው ናትና ተካታለች፤ ለይቶ መጥቀሱ ትርፍ ቃል ነው። አንዱን ወገን በስም ከጠራን ሌላውም ልጠራ ይላል። ሴቶች እስከ ዛሬ ያገኙትን ልዩ ጥበቃ ያሳጣቸዋል። ዝርዝሩን ምክር ቤት በሚያወጣው ተራ ሕግ መወሰን ይሻላል። ከባህልና ከሃይማኖት ጋር ያጋጫል። ጥያቄው የጥቂት የተማሩ ሰዎች እንጂ የሴቶች ጥያቄ አይደለም። በመጨረሻም ወረቀት ኑሮን አይለውጥም።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ብዙ አንባቢ «ልክ ነው» ብሎ እንደሚያልፈው ስለምገምት ዝም ማለት አልሆነልኝም። ነጥቦቹን በቀረቡበት ቅደም ተከተል እከተላቸዋለሁ። የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት ልበል። «ሰው» የሚለው ቃል ወንድንም ሴትንም ይጨምራል ይላል። በሰዋስው ደረጃ ማንም አይከራከረውም። ነገሩ የሚከረው ችሎት ሲደርስ ነው። ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው ዳኛ ነው፤ ዳኛው ደግሞ ቃሉን የሚያነበው ያደገበትን ልማድ ይዞ ነው። ቃሉ ጠቅላላ በሆነ ቁጥር ልማዱ የሚገባበት በር ይሰፋል።

ለዚህ ከስዊዘርላንድ የተሻለ አስረጂ አላውቅም። የ1874 ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 4 «ስዊዘርላንዳውያን ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው» ይል ነበር። ጸሐፊው የሚመኘው አጻጻፍ ይኸው ነው። ኤሚሊ ኬምፒን-ሽፒሪ የተባለች ሴት በዙሪክ ሕግ ትማር ነበር፤ በኋላም ከስዊዘርላንድ ሴቶች በሕግ ዶክትሬት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሆነች። ፍርድ ቤት ቀርባ ስለሌላ ሰው መከራከር ግን አትችልም ተባለች፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ሙሉ የዜግነት መብት ለሴት አልተሰጠም ነበርና። በ1887 ወደ ፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሄደች። ያቀረበችው ክርክር የዛሬው ጸሐፊ ክርክር ራሱ ነው፦ «ሁሉ» ከተባለ እኔም አለሁበት። ዳኞቹ አቤቱታዋን ጣሉት። ያ አንቀጽ ወንድና ሴትን ያስተካክላል ማለት «አዲስም ደፋርም» የሆነ አስተሳሰብ ነው አሉ። ቃሉ ፊታቸው ተጽፎ ነበር። እሷም ፊታቸው ነበረች። ሁለቱን ማገናኘት አልሆነላቸውም።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በ1981 በዚያው አንቀጽ 4 ላይ በሕዝበ ውሳኔ አዲስ ንዑስ አንቀጽ ታከለ፤ ወንድና ሴት እኩል መብት አላቸው ይላል። በዚያን ጊዜ አፐንሴል ኢነርሮደን በምትባለው ትንሽ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ሴቶች በካንቶኑ ጉዳይ ድምፅ አይሰጡም ነበር። ውሳኔ የሚሰጠው ወንዶች በዓመት አንድ ጊዜ አደባባይ ወጥተው እጅ በማውጣት ነበር። በሚያዝያ 1990 ሴቶች ይግቡ ወይስ አይግቡ ተብሎ ሲጠየቅ ወንዶቹ እንደገና አይግቡ አሉ። ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሄደ። በኅዳር ወር ፍርድ ቤቱ የካንቶኑ ሕገ መንግሥት «የአገሩ ሰዎች» ሲል ሴቶችን ጨምሮ ማንበብ ግዴታ ነው ብሎ ፈረደ። ምክንያት ያደረገውም የ1981ዱን ጭማሪ ነው። በ1887 «ሁሉ» በሚለው ቃል ውስጥ ሴት ያልታየችው ፍርድ ቤት፣ በ1990 «ሰዎች» በሚለው ቃል ውስጥ አየቻት፤ በመካከሉ የገባው ያ ዓረፍተ ነገር ነው። ዘመኑም ተለውጧል የሚለኝ ይኖራል፤ አልክድም። ነገር ግን በዚያ ሚያዝያ እሑድ አደባባይ የቆሙት ወንዶችም የሚኖሩት በዚሁ በ1990 ነበር። ዘመኑ እጃቸውን አላስለወጠውም።

ካናዳ ደግሞ ጥያቄውን ራቁቱን አስቀምጣዋለች። የ1867ቱ ሕገ መንግሥት ለላይኛው ምክር ቤት የሚሾሙት «ብቁ ሰዎች» ናቸው ይላል። ታዲያ ሴት በዚህ አገላለጽ «ሰው» ናት ወይ ተብሎ በ1928 ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። አይደለችም ተባለ። ይህን ያሉት የተማሩና የተከበሩ ዳኞች ናቸው። በዓመቱ፣ በ1929፣ ለንደን ያለው የበላይ ችሎት ሽሮት ባይሆን ኖሮ ውሳኔው ይጸና ነበር። «ሴትም ሰው ናትና ተካታለች» የሚለው የጽሑፉ ዓረፍተ ነገር በጣም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህን ቀላል ዓረፍተ ነገር ለማስፈረድ አምስት ሴቶች ውቅያኖስ ማዶ ይግባኝ ማለት ነበረባቸው።

በአሜሪካ 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ «ማንም ሰው» የሕግ እኩል ጥበቃ አይነፈግም ያለው በ1868 ነው። በዚሁ ማሻሻያ ተመርኩዛ የጠበቃ ፈቃድ የጠየቀችው፣ የሕግ ጋዜጣ አሳታሚ የነበረችው ማይራ ብራድዌል በ1873 ተሸነፈች። ከዳኞቹ አንዱ የሴት ዕጣ ፈንታ ሚስትነትና እናትነት ነው ብሎ ጻፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን «ማንም ሰው» ጠቅሶ ሴትን ከወንድ የሚያበላልጥ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሻረው በ1971 ነው፤ ከ103 ዓመት በኋላ። የዚያን ጉዳይ መነሻ ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። ሳሊ ሪድ የምትባል የአይዳሆ ሴት ልጇ ሞተባት። ከባሏ ተለያይታለች። ልጁ የተወው ክላርኔት፣ የሙዚቃ ሸክላዎችና ጥቂት የባንክ ቁጠባ ነበር፤ ሁሉ ተደምሮ 1,000 ዶላር አይሞላም። እናትም አባትም የውርሱ አስተዳዳሪ ልሁን ብለው አመለከቱ። ዳኛው የማንን ብቃት ማመዛዘን አላስፈለገውም፤ የግዛቱ ሕግ እኩል ደረጃ ካላቸው አመልካቾች መካከል ወንድ ከሴት ይቅደም ይላልና አባትየው ተሾመ። እናትየዋ የልጇን ክላርኔት ለማስተዳደር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረባት። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በ2011 በታተመ ቃለ ምልልስ ሕገ መንግሥቱ በጾታ ማዳላትን አይከለክልም ብለው ተናግረዋል። እኚህ ሰው በዚያው ፍርድ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡ ዳኛ ነበሩ። በትርጉም የተገኘ መብት በትርጉም ሊሄድ ይችላል ስል በግምት አይደለም።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይለይም። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሕገ መንግሥት ማንም የሕግ እኩል ጥበቃ እንደማይነፈገው፣ በኢትዮጵያውያን መካከልም በሲቪል መብቶች ረገድ ልዩነት እንደማይደረግ ደንግጎ ነበር። ከአምስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው አለ። ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል አለ። ለጋብቻ ወንዱ 18 ዓመት ሲጠበቅበት ለሴቷ 15 ይበቃታል አለ። ሁለቱ ሰነዶች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱ ሌላውን አልነካውም። «ማንም» የሚለውን ቃል ሲያነቡ ሚስትን ያሰበ አልነበረማ! የባል ራስነትና የ15 ዓመቷ ሙሽራ ከፌዴራሉ ሕግ የወጡት በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲታወጅ ነው። በመካከሉ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጥቷል፤ የእሱም አጻጻፍ ልብ ሊባል ይገባል። አንቀጽ 7 በወንድ ጾታ የተደነገገው የሴትንም ጾታ ያካትታል ይላል። አንቀጽ 25 በጾታ ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ቢያረቀው ኖሮ እዚያ ላይ በቃ ይል ነበር። አርቃቂዎቹ ግን አንቀጽ 35ን ጨመሩ፤ ጋብቻን፣ ንብረትን፣ ውርስን፣ የሥራ እድገትን፣ ክፍያን፣ ጡረታን አንድ በአንድ በስም ጠሩ። አጠቃላዩ ቃል ከዚህ በፊት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ አንዱን በስም ከጠራን ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም የሚል ነው። ይህን ባጭሩ አልፈዋለሁ። ሴቶች ከወገኖች መካከል አንድ ወገን አይደሉም፤ በየወገኑ ሁሉ ውስጥ ግማሹ ናቸው። የደቡብ አፍሪካ የ1996 ሕገ መንግሥት ማዳላት የተከለከለባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ጾታን ብቻ ሳይሆን እርግዝናን ሳይቀር ጠቅሷል፤ ሰነዱ በዚህ አልተበላሸም። ይልቅስ አደጋው ያለው ዘርዝሮ ሴትን መተው ላይ ነው። የቦትስዋና ሕገ መንግሥት ማዳላት የተከለከለባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር «ጾታ» የሚለውን ቃል አላስገባም ነበር። ዩኒቲ ዳው የተባለችው የሕግ ባለሙያ የውጭ ዜጋ አገባች፤ ወንድ ብትሆን ኖሮ ዜግነቷን ለልጆቿ ታወርስ ነበር፤ ሴት በመሆኗ ተከለከለች። ስትከስስ መንግሥት የሰጠው መልስ ቃሉ የተተወው በስህተት ሳይሆን ታስቦበት ነው የሚል ነበር። በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእሷ ፈረደ፤ ሦስት ለሁለት። አንድ ዳኛ ሐሳቡን ቢቀይር ልጆቿ ተወልደው ባደጉበት አገር እንግዳ ሆነው ይቀሩ ነበር። ዳው በኋላ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆናለች። ነገር ግን መብትን ለማግኘት ሁሉም ሴት ዩኒቲ ዳውን መሆን አለባት እንዴ?

ሦስተኛው ነጥብ፣ እኩልነት በግልጽ ከተጻፈ ሴቶች ልዩ ጥበቃቸውን ያጣሉ የሚለው፣ ከልብ የመነጨ ስጋት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሴቶችም ይጋሩታል። ስለዚህ «ጥበቃ» የሚባለውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው አንድ መዝገብ አለ። የሚሺጋን ሕግ ሴቶችን ከመጠጥ ቤት ሁከት እጠብቃለሁ ብሎ በትላልቅ ከተሞች ከባንኮኒ ጀርባ ቆመው መጠጥ እንዳይቀዱ ከለከለ። ከዚህ ነፃ የተደረጉት የወንድ ባለቤት ሚስትና ሴት ልጆች ብቻ ናቸው። ቫለንታይን ጎሳርት ግን መጠጥ ቤቱ የራሷ ነበር። በራሷ ቤት መቅዳት ተከለከለች፤ ከእሷ ጋር የምትሠራው ልጇም እንዲሁ፣ የወንድ ባለቤት ልጅ ስላልሆነች። ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸደቀው። እዚህ ላይ የተጠበቀው ማን ነው? ሁከቱ ካለ አስተናጋጇም ላይ አለ፤ አስተናጋጅ መሆን ግን አልተከለከለም። የተከለከለው የተሻለ ገንዘብ የሚገኝበት ቦታ ነው።

ሌላው የጥበቃ ዓይነት ወሊድ ነው። ይህ ከእኩልነት ጋር አይጣላም፤ የብዙ አገር ሰነድም ሁለቱን አብሮ ጽፏቸዋል። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 3 ወንድና ሴት እኩል ናቸው ካለ በኋላ በአንቀጽ 6 እናት ሁሉ የኅብረተሰቡን ጥበቃና እንክብካቤ የማግኘት መብት አላት ይላል። የእኛው አንቀጽ 35 እኩልነትንና የወሊድ ፈቃድን በአንድ አንቀጽ ይዟል። በ1979 የጸደቀው በሴቶች ላይ የሚደረግ ማናቸውንም ዓይነት ልዩነት ለማስወገድ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነትም እናትነትን ለመጠበቅ የሚወሰድ እርምጃ እንደ ማዳላት አይቆጠርም ብሎ በቃል አስቀምጧል። ጽሑፉ ያላየው ደግሞ የነገሩን ግልባጭ ነው። ለሴቶች የተደረገን ድጋፍ ያፈረሰው አጠቃላዩ የእኩልነት ቃል የሆነበት ጊዜ አለ። ፈረንሳይ በ1982 በከተማ ምክር ቤት ምርጫ የአንድ ጾታ ዕጩዎች ከመዝገቡ 75 በመቶ እንዳይበልጡ የሚል ሕግ አወጣች። ሕገ መንግሥታዊ ምክር ቤቱ ዜጎች ሁሉ እኩል ስለሆኑ በጾታ መክፈል አይቻልም ብሎ ሻረው። ወንዶች ወንበሩን ሞልተው በተቀመጡበት ምክር ቤት «ሁላችን እኩል ነን» የሚለው ቃል በሩን መዝጊያ ሆነ። የተከፈተው በ1999 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ሕግ ሴቶችና ወንዶች በምርጫ ለሚያዙ ሥልጣኖች እኩል እንዲደርሱ እንደሚያበረታታ በስም ከተጻፈ በኋላ ነው።

ወደ አራተኛው ልሻገር። ዝርዝሩን ለተራ ሕግ እንተወው፤ ሕግ እንደ ጊዜው ይሻሻላል ይላል። ሕግ እንደ ጊዜው ይሻሻላል፤ እንደ ጊዜውም ይሻራል። ሕገ መንግሥት የሚጻፈው የዛሬ አብላጫ ድምፅ ነገ በስብሰባ ሊያነሳቸው የማይገባ ነገሮች ስላሉ ነው። የመናገር ነፃነትን ለተራ ሕግ እንተወው የሚል ሰው አላየሁም። የግማሹ ሕዝብ እኩልነት ሲሆን ለምን ይተዋል?

የምክር ቤት በጎ ፈቃድ ምን እንደሚመስል ለማየት ከጦርነቱ በኋላ ወደነበረችው ምዕራብ ጀርመን እንሂድ። የ1919ኙ ሕገ መንግሥት ወንድና ሴት «በመሠረቱ» አንድ ዓይነት የዜግነት መብትና ግዴታ አላቸው ብሎ ነበር። ያቺ «በመሠረቱ» የምትል ቃል ብዙ ነገር አሾለከች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የትዳርን ጉዳይ ሁሉ ባል ይወስናል እንዳለ ቀጠለ። በ1948 አዲሱን መሠረታዊ ሕግ ለማርቀቅ 65 አባላት ሲሰበሰቡ ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ። ከአራቱ አንዷ ኤሊዛቤት ዜልበርት ጠበቃ ነበረች፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በሴቶች ላይ ምን እንደሚያደርግ በሥራዋ ታውቀዋለች። «ወንዶችና ሴቶች እኩል መብት አላቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር አቀረበች። ምንም ቅጥያ፣ ምንም «በመሠረቱ» የለበትም። ኮሚቴው ጣለው። ይህ ከጸደቀ የቤተሰብ ሕጉ ሁሉ ይናጋል ተባለ። እውነታቸውን ነው፤ እሷም የፈለገችው እሱን ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረች ለሴቶች ተናገረች፤ የሴቶች ማኅበራትና የፋብሪካ ሠራተኞች ደብዳቤ ጎረፈ። በጥር 1949 ያው ዓረፍተ ነገር ያለ ተቃውሞ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ዋናው። ምክር ቤቱ ከዚህ አንቀጽ ጋር የሚጋጩትን ሕጎች እስከ መጋቢት 31 ቀን 1953 እንዲያስተካክል የጊዜ ገደብ ተሰጠው። ቀኑ ደረሰ፤ ምክር ቤቱ ምንም አላደረገም፤ አለፈ። «ለተራ ሕግ እንተወው» የሚለው ምክር በተግባር ይህን ይመስላል። የሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት መጨረሻ አንቀጹ ምክር ቤቱን ሳይጠብቅ በራሱ ይሠራል አለ። በ1957 የወጣው የእኩልነት ሕግ ራሱ በልጆች ጉዳይ ወላጆች ካልተስማሙ የመጨረሻው ቃል የአባት ነው ይል ነበር። ስሙ የእኩልነት ሕግ ሆኖ ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ በ1959 ያንንም ሻረው። ያቺ አጭር ዓረፍተ ነገር ባትኖር በምን ይሽረው ነበር?

አምስተኛው፣ ከባህልና ከሃይማኖት ጋር ያጋጫል የሚለው፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሰዎች እምነታቸውን የሚወዱት በከንቱ አይደለምና። ነገር ግን እምነትን መጠበቅና በእምነት ስም የሌላን ድርሻ መውሰድ ይለያያሉ። ዚምባብዌ በቀድሞው ሕገ መንግሥቷ ማዳላትን ከከለከለች በኋላ የልማድ ሕግ በሚሠራባቸው ጉዳዮች ክልከላው አይነካም የሚል ልዩ ሁኔታ አስገብታ ነበር። በ1999 ቬኒያ ማጋያ የተባለች ታላቅ ሴት ልጅ በአባቷ ውርስ ጉዳይ ከአባቷ ወንድ ልጅ ጋር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰች። ተፈረደባት። በልማዱ ወራሹ ወንድ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ልማዱን አይነካም ተባለ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የእኛ ተረት ወደ ፍርድ ቤት ቋንቋ ቢገለበጥ ይህን ውሳኔ ይመስል ነበር። አገሪቱ በ2013 ሕገ መንግሥቷን ስትለውጥ የሴቶችን መብት የሚጥስ ሕግ፣ ልማድም ሆነ ባህል በጣሰው መጠን ውድቅ ነው ብላ ጻፈች። ባህሉ ዛሬም አለ። የተወሰደበት ሴትን ከአባቷ ቤት የማስወጣት ሥልጣኑ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በ2012 በቱኒዚያ የሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ ሴት በቤተሰብ ውስጥ የወንድ ማሟያ እንደሆነች የሚያሳይ አገላለጽ ገብቶ ነበር። ለስላሳ ቃል ነው፤ ፍቅርም ያለበት ይመስላል። ሴቶቹ ግን ወዲያው ገባቸው፤ ማሟያ የሚባለው ዋናው ሌላ ሲሆን ነው። በነሐሴ ወር በሺዎች ሆነው አደባባይ ወጡ። ብዙዎቹ ሙስሊም ሴቶች ነበሩ፤ ሃይማኖታቸውን ለመቃወም አልወጡም። ቃሉ ወጣ። በ2014 በጸደቀው ሰነድ የዐረብኛው ጽሑፍ ዜጎችን በወንድም በሴትም ቅርጽ ጠርቶ በመብትና በግዴታ እኩል ናቸው አለ። በዐረብኛ በወንድ ቅርጽ ብቻ ቢጻፍ «ያካትታል» ማለት ይቻል ነበር። አላሉም።

ይህ ምሳሌ ስድስተኛውን ነጥብ አብሮ ይመልሰዋል፤ ጥያቄው የሴቶች አይደለም ለሚለው። እንዲያውም የሕገ መንግሥት ታሪክ ከዚህ ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም። በመጋቢት 1776 አቢጌል አዳምስ አዲስ አገር ለመመሥረት ለተሰበሰበው ባሏ ሴቶችን አትርሱ ብላ ጻፈችለት። ጆን አዳምስ ከመሳቅ በቀር ምን እላለሁ ብሎ መለሰላት። ፈረንሳይ በ1789 የሰውን መብት ስታውጅ ሴቶችን ስለተወች ኦሎምፕ ደ ጉዥ የምትባል ጸሐፊ በ1791 የሴትን መብት መግለጫ ጽፋ አወጣች፤ በ1793 በጊሎቲን ተቀላች። ሳይጠየቁ የቀሩ መሪዎች አልነበሩም። ጥያቄው የጥቂት የተማሩ ሰዎች ነው የሚለውን ደግሞ ለዜልበርት ደብዳቤ የጻፉት የፋብሪካ ሠራተኞች ቢሰሙት ደስ ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ እውነት ስላለበት። ወረቀት ኑሮን አይለውጥም ይላል። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት በምርጫና በሹመት በሚያዙ አካላት የአንድ ጾታ አባላት ከሁለት ሦስተኛ እንዳይበልጡ አዝዟል። ምክር ቤቱ ማስፈጸሚያ ሕጉን ሳያወጣ ዓመታት አለፉ። በመስከረም 2020 ዋና ዳኛው ዴቪድ ማራጋ ምክር ቤቱ ይህን ባለማድረጉ እንዲበተን ለፕሬዚዳንቱ በጽሑፍ መከሩ። ምክር ቤቱ አልተበተነም። እኛም ጋ ያማረ አንቀጽ ተጽፎ በብዙ ቤት ውስጥ ያልደረሰ መሆኑን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገኝም። ይህን ሳልቀበል ብከራከር ሐቀኛ አልሆንም።

ሆኖም ጽሑፉ ከዚህ የሚያወጣው መደምደሚያ ግራ ያጋባኛል። ያልተፈጸመ ቃል ካለ ይፈጸም ማለት ሲገባ፣ ቃሉ አያስፈልግም ወደ ማለት ይሄዳል። የማስመለስ ጥያቄ የሚነሳው የተጻፈ ውል ካለ ነው። ዋና ዳኛው ምክር ቤቱን ተበተን ለማለት የደፈሩት አንቀጽ ስለነበራቸው ነው፤ በዝምታ ላይ ተደግፎ ምክር ቤት የሚበተንበት አገር የለም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት ለርስት ብቻ አይደለም።

አሁንም ወደ ስዊዘርላንድ ልመለስ። የ1981ዱ ጭማሪ ስለ ክፍያም ይናገር ነበር፤ ወንድና ሴት እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ደመወዝ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። አሥር ዓመት ሞላው። የእጅ ሰዓት በመሥራት የሚተዳደሩ ሴቶች፣ ያንኑ ሥራ እየሠሩ ከወንዶቹ ያነሰ ይከፈላቸው ነበር። የሥራ ማቆም አድማ ይደረግ የሚለው ሐሳብ የመነጨው ከእነሱ ነው። ጭማሪው የጸደቀበት ቀን አሥር ዓመት ሲሞላው፣ ሰኔ 14 ቀን 1991፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በመላው አገሪቱ ሥራ አቁመው ወጡ። የጠየቁት አዲስ መብት አልነበረም፤ አሥር ዓመት ወረቀት ላይ የተቀመጠውን ነበር። የእኩልነት ማስፈጸሚያው ሕግ በ1995 ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሥራ ላይ ዋለ።